ቄስ ጆን ሜሰን ኒል፦ ከአገልግሎት ታግደው ዓለምን ያዘመሩ

[ምስል፦ በድንጋይ የተሠራ አሮጌ ግቢ]

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ የምንሄደው ወደ ደቡብ እንግሊዝ፣ ኢስት ግሪንስቴድ ወደምትባል ከተማ ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ይህ የምታዩት ሳክቪል ኮሌጅ ይባላል። ስሙ ኮሌጅ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ነው። በ1846 አንድ የ28 ዓመት ቄስ አስተዳዳሪ ሆነው ገቡ። ደመወዛቸው በዓመት 30 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ሳንባቸውም ደካማ ነበር። ቄስ ጆን ሜሰን ኒል ናቸው።

ዓመት ሳይቆዩ ነገር መጣ። በ1847 የቺቸስተር ጳጳስ ከአገልግሎት አገዷቸው። ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ በጸሎት ቤቱ መንበር ላይ መስቀልና መቅረዝ መቆሙ ነው። በጊዜው እንግሊዝ ውስጥ ይህ ወደ ሮም ካቶሊክ መሳብ ተብሎ ይፈራ ነበር። ጧፍና መስቀል እያየን ላደግን ሰዎች ግራ ያጋባል። እገዳው 16 ዓመት ዘለቀ!

እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1855 ድሆችን በየቤታቸው የሚያስታምሙ እኅቶች ማኅበር መሠረቱ። በ1857 ከእኅቶቹ አንዷ በሽተኛ ስታስታምም በበሽታው ተይዛ ሞተች። ሉዊስ ከተማ ሊቀብሯት ሲሄዱ ሕዝብ ተነሣባቸው። ቄሱ በቀብሩ ላይ ተደበደቡ።

[ምስል፦ ብራና፣ ቀለም፣ የላቲን ጽሑፍ]

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል ነው የጥንት የላቲን መዝሙሮችን ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉሙት። እኔን የሚገርመኝ ሥራው ነው። የጥንቱ ዜማ እንዳይሰበር የላቲኑ ስንኝ 8 ቀለም ካለው እንግሊዝኛውም 8 ሊሆን ይገባል። ቤትም መምታት አለበት። ምሥጢሩም እንዳይፈስ። ቅኔ የቆጠረ ሰው ድካሙን ያውቀዋል።

አንድ ምሳሌ እንይ። ከገና በፊት የሚዘመር አንድ የላቲን መዝሙር አለ፤ አማኑኤልን ይጣራል። ኒል በ1851 መጀመሪያውን «ቅረብ፣ ቅረብ» ብለው መለሱት። በ1861 የወጣው ትልቁ የመዝሙር መጽሐፍ «ና፣ ና» አደረገው። ዛሬ የሚዘመረው እንዲያ ነው። ኒል መዝሙር አንዴ ከታተመ የክርስቲያን ሁሉ ሀብት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

የሆሳዕናውን መዝሙርም እሳቸው ናቸው የመለሱት። የላቲኑ ደራሲ የኦርሌአኑ ጳጳስ ቴዎዱልፍ፣ እስር ቤት ሆኖ ጻፈው ይባላል። የታሰረ ሰው የጻፈውን የታገደ ሰው ተረጎመው።

ከላቲን አልፈው ወደ ግሪክ ሄዱ። በ1862 የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሮችን አሳተሙ። እኛ የምናውቀው ዮሐንስ ዘደማስቆ የትንሣኤ መዝሙሩ በእንግሊዝኛ መዘመር የጀመረው በእሳቸው እጅ ነው። ደግሞ በታገዱበት በ1847 የእስክንድርያን መንበር ታሪክ በሁለት ቅጽ አውጥተዋል። ያኔ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የምታስመጣው ከዚያው መንበር ነበር።

[ምስል፦ የመቃብር ድንጋዮች፣ ዝግ ያለ ዜማ]

የዶክተርነት ማዕረግ የሰጣቸው የገዛ አገራቸው አይደለም፤ በ1860 አሜሪካ ውስጥ ያለ ኮሌጅ ነው። እገዳው በ1863 ተነሣላቸው። ሦስት ዓመት ብቻ ቆዩ። ነሐሴ 6 ቀን 1866፣ በእነሱ አቆጣጠር በደብረ ታቦር በዓል ዕለት፣ በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። በሬሳ ሣጥናቸው ላይ እንዲጻፍ የተናዘዙት በላቲን ነበር፦ «ምስኪንና የማይገባው ቄስ»።