«ስንት ትሰጡኛላችሁ?» ከማለታችሁ በፊት
ድሬዳዋ ውስጥ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የቁጠባና ብድር ማኅበር አባላት የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ሰዓት፣ ድሬ ውስጥ ሰው አዳራሽ መሰብሰብ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በርጫውንም እንቅልፉንም ትታችሁ ከመጣችሁ ጉዳዩ የምር ነው ማለት ነው። ስለዚህ መግቢያ አላበዛም።

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ባንክ ውስጥ፣ ብድር ክፍል ነው። የቤት ብድር ፈልጎ የሚመጣ ሰው መምህርም ይሁን ነጋዴ፣ ቁጭ እንዳለ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ትሰጡኛላችሁ?» «ከከፈልኩ በኋላ ስንት ይተርፈኛል?» ብሎ የሚጀምር ግን ብርቅ ነው። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ላወራ ነው።

ባንኩ የሚያየው የደሞዝ ማረጋገጫችሁን ነው። የብድር ታሪካችሁንም ያጣራል፤ ለጓደኛ ዋስ የሆናችሁበት ብድርም እዚያው ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ገጠር ላለችው እናታችሁ በየወሩ የምትልኩትን ግን አያይም። ዕቁቡን አያይም። ሁለተኛው ልጅ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት እንደሚገባ አያውቅም። ይህን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ባንክ «ትችላለህ» ያለው ሁሉ ይችላል ማለት አይደለም። ባንኩ የሚመዝነው የራሱን ስጋት ነው፤ መያዣው ቤቱ ስለሆነ ደግሞ እናንተ ብትቸገሩም እሱ መውጫ አለው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። አይዟችሁ፣ የሒሳብ መምህራን እዚህ ስላላችሁ ስሳሳት ታርሙኛላችሁ።

አንድ ሚሊዮን ብር ተበደራችሁ እንበል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ይሁን። ይህ ለምሳሌ ያህል ነው፤ ወለድ እንደ ባንኩና እንደ ዘመኑ ይለያያል። ለ20 ዓመት ከወሰዳችሁት የወር ክፍያው 13,168 ብር ገደማ ይመጣል። የመጀመሪያው ወር ላይ ከዚህ ገንዘብ 12,500 ብሩ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 668 ብር ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳታዛንፉ ከፍላችሁ፣ 158 ሺህ ብር አውጥታችሁ፣ ዕዳውን ስታዩት ገና 991 ሺህ ነው። ብድር ክፍል መጥቶ «አጭበርብራችሁኛል» ብሎ የሚጮኸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቀሪ ዕዳውን ወረቀት በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ያየ ሰው ነው። ማንም አላጭበረበረውም። ሲፈርም ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰውም አልነበረም።

ያው አንድ ሚሊዮን፣ ያው 15 በመቶ፣ ጊዜው ግን 15 ዓመት ቢሆንስ? የወር ክፍያው 13,996 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 828 ብር ነው። አንዳንዳችን በሳምንት ለጫት የምናወጣት ናት፤ ስም አልጠራም። በዚህች 828 ብር አምስት ዓመት ታሳጥራላችሁ፤ በጠቅላላው ከሚከፈለው ላይም ወደ 640 ሺህ ብር ይቀንሳል። በ20 ዓመቱ በድምሩ የምትከፍሉት 3 ሚሊዮን ከ160 ሺህ ነበር፤ በ15 ዓመቱ ግን 2 ሚሊዮን ከ520 ሺህ ይሆናል። 10 ዓመት ብትሉ ወርሃዊው ወደ 16,134 ያድግና ድምሩ 2 ሚሊዮንም አይሞላም። ስለዚህ ባንክ ስትገቡ ስለ ብሩ መጠን ብቻ አትከራከሩ። ስለ ዓመቱም ተከራከሩ። የሦስቱንም የክፍያ ሰንጠረዥ አትሙልኝ በሉ፤ አትሞ መስጠት ደቂቃ አይፈጅም።

ከመካከላችሁ «አቦ! ብር እኮ በየቀኑ እየወደቀ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 13 ሺህ ብር ምን አላት? ረጅሙን ነው መውሰድ» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩ ውሃ ያነሳል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ብር ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ብር ሲወድቅ ደሞዝ አብሮ አይነሳም፤ ይህንን ከመምህርና ከነርስ በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞ ውሉ ላይ ባንኩ ወለዱን ሊያሻሽል ይችላል የሚል አንቀጽ ካለ፣ የዋጋ ንረቱ ወደ እናንተም ዞሮ ይመጣል። እኔን ብትጠይቁኝ መካከለኛ መንገድ አለ። ወርሃዊው ካስጨነቃችሁ ረጅሙን ውሰዱ፤ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ከወርሃዊው በላይ ስከፍል ጭማሪው ቀጥታ ከዋናው ዕዳ ይቀነስልኛል ወይ? ቀድሜ ብጨርስ ቅጣት አለው ወይ? መልሱን በአፍ አትቀበሉ፤ ውሉ ላይ የት ጋ እንደተጻፈ አሳዩኝ በሉ።

የቤት ብድር ለምን ይህን ያህል ብርቅ ሆነ የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ለብዙው ሰው ቤት ማለት የቀበሌ ኪራይ ሆነ። ለቤት የሚያበድር የመንግሥት ባንክ ነበረን፤ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። ለቤት ብድር ብሎ የተቋቋመ የግል ባንክ ያየነው ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ሥራ ሲጀምር ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ ገንዘቡ ሲጠብ ባንክ ቶሎ ለሚመለስ ብድር ማድላቱ አይቀርም። «ወረፋ ጠብቁ» ስትባሉ ሁልጊዜ ሠራተኛው ስላልወደዳችሁ አይደለም።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ሳቢያን አካባቢ አንድ ቤት አያችሁ፤ ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ልባችሁ እዚያው ቀረ። ባለቤቱ 3 ሚሊዮን አለ። እናንተ «ባንኩ 70 በመቶ ይሰጣል፣ እኔ 900 ሺህ አለኝ፣ አለቀ» አላችሁ። አላለቀም። ባንኩ የሚያበድረው ባለቤቱ በጠራው ዋጋ ላይ ሳይሆን የራሱ መሐንዲስ በገመተው ላይ ነው። መሐንዲሱ መጥቶ ለክቶ 2 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ቢልስ? የዚህ 70 በመቶ 1 ሚሊዮን ከ540 ሺህ ነው። ቀሪው 1 ሚሊዮን ከ460 ሺህ ከእናንተ ኪስ ይጠበቃል። 560 ሺህ ብር ጎደላችሁ ማለት ነው። የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዞሪያ፣ የግምት ክፍያ፣ ኢንሹራንስና የደላላ ኮሚሽን ገና አልተነሱም። ብዙ ሰው ቀብድ የሚያስበላው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ግምቱ ሳይታወቅ ቀብድ አትክፈሉ። የግድ ከሆነም፣ ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል የሚል ይጻፍ።

ሌላው ራስ ምታት ሻጩ ነው። ባንኩ የቤቱ ስም ወደ እናንተ ካልዞረና መያዣው ካልተመዘገበ ገንዘብ አይለቅም። ሻጩ ደግሞ ገንዘቡ ሳይገባለት ካርታዬን አላዞርም ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጎረቤቱ በካሽ እገዛለሁ ካለው ለምን እናንተን ይጠብቃል? መላው ሻጩን ይዞ ባንክ መሄድ ነው። ክፍያው በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈጸም ከብድር ሠራተኛው አፍ ይስማ፤ ባንኩ የክፍያ ማረጋገጫ ደብዳቤ የሚጽፍ ከሆነም ያን በእጁ ይያዝ። ደላላ በስልክ «አይዞህ» ስላለው የሚረጋጋ ሻጭ ግን አላየሁም።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ አትሽኮርመሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት እንዲደረግ ይላል። ሁለት ምስክር አስፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተጨባብጦ መለያየት የቤት ግዢ አይደለም፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ሂዱ። ከዚያ በፊት ካርታው እውነተኛ መሆኑን፣ ዕዳም እገዳም እንደሌለበት ከመዘጋጃ ቤቱ አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌደራሉ የ1992 የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። «እሷ ጅቡቲ ናት፣ ችግር የለም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ችግር አለ። ውክልናዋን ያምጣ። ኮንዶሚኒየም ከሆነም የሻጩ የባንክ ዕዳ ምን ያህል እንደቀረና የመሸጥ ገደብ እንዳለበት ሳታጣሩ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ።

«ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ቀረጥ ይቀንሳል» የሚላችሁም አይጠፋም። ሕገ ወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ነገ ውሉ ቢፈርስ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። 3 ሚሊዮን ከፍላችሁ 800 ሺህ የሚል ወረቀት ይዛችሁ ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ።

ስለ ደቻቱ ወንዝ ሳልናገር ከዚህ መድረክ ብወርድ ሰው ይታዘበኛል። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ውሃው የሚመጣው ከደጋው ነው፤ እዚህ ጠብ ሳይል ሊወርድ ይችላል። ወንዝ ዳር ያለ ቤት ረከስ የሚለው በምክንያት ነው። በጥር አይታችሁ አትግዙ። በክረምት ሂዱ፣ ግድግዳው ላይ የውሃ ምልክት ፈልጉ፣ ጎረቤት ጠይቁ፤ ድሬ ሰው ጠይቃችሁት አይደብቅም፣ ያልጠየቃችሁትንም ይጨምርላችኋል። ባንኩ ኢንሹራንስ ግቡ ሲላችሁም ፖሊሲው እሳትን ብቻ ነው ወይስ ጎርፍንም ይሸፍናል በሉ። የሕይወት ኢንሹራንሱንም እንደ ተጨማሪ ወጪ ብቻ አትዩት፤ እናንተ ብትሞቱ ዕዳው ለልጆቻችሁ እንዳይቀር ነው።

ወለድ ስለማይነኩ ከባንክ የራቁ ብዙ ወንድሞችና እህቶች እዚህ አሉ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከወለድ ነፃ ብቻ የሚሠሩ ባንኮች አሉን፤ በመደበኛ ባንኮችም ለዚሁ የተለየ መስኮት አለ። በሙራባሃ ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ለእናንተ በዱቤ ይሸጣል። ዋጋው መጀመሪያ ላይ ተቆርጦ ስለሚታወቅ መሀል ላይ አይለወጥም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ እዚያም ጠቅላላ ድምሩን አወዳድሩ።

ከባዱን ነገር መጨረሻ ያመጣሁት እንዳትበረግጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ክፍያ ከተቋረጠ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ሠላሳ ቀን አጭር ናት። ስለዚህ ደሞዝ ሲዘገይ፣ ሕመም ሲመጣ፣ ማስጠንቀቂያው ሳይደርሳችሁ እናንተ ቀድማችሁ ባንክ ሂዱ። ክፍያው እንዲራዘም መጠየቅ ነውር አይደለም። ስልክ አጥፍቶ የሚጠፋውን ደንበኛና ቀድሞ መጥቶ «ተቸግሬአለሁ» የሚለውን ብድር ክፍል በአንድ ዓይን አያይም። ይህን ከውስጥ ሆኜ ያየሁት ነው።

ዕቁባችሁንም ለቅድሚያ ክፍያ አድርጉት እንጂ ለወርሃዊው አትተማመኑበት። ብድር ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩ። የወር ክፍያው ከኪራያችሁ የሚበልጥበትን ያህል ገንዘብ፣ ብድሩ የተሰጣችሁ ይመስል፣ ለስድስት ወር በዚሁ ማኅበራችሁ ቆጥቡ። ከቻላችሁት ብድሩንም ትችሉታላችሁ፤ የተቆጠበውም ለስም ማዞሪያና ለቀረጥ ይሆናል። ሁለተኛው ወር ላይ ካቃታችሁ ደግሞ ቤት የመግዛቱን ሐሳብ ሳይሆን መጠኑን ወይም ጊዜውን ቀይሩ፤ አነስ ያለ ቤት ወይም ተጨማሪ የቁጠባ ዓመት።

ካልኩሌተር ይዤ መጥቻለሁ፤ እዚያ ጥጉ ላይ ያለው ጠረጴዛ ጋ እቀመጣለሁ። ውል ወይም ከባንክ የተሰጣችሁ ወረቀት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናንብበው። ደሞዛችሁን ጮክ ብላችሁ መናገር የለባችሁም፤ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ነገ ቀብድ ለመክፈል ቀጠሮ የያዘ ሰው ካለ እሱ ይቅደም።

አመሰግናለሁ።