የልጅ ቀሚስ በፓተርን፦ መቀስ ከማንሳታችን በፊት

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የታተሙ ወረቀቶች፣ ሜትር፣ መቀስ)

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ለአራት ዓመት ልጅ እጅጌ የሌለው ቀሚስ እንሰፋለን። ከላይ ልክ፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ። ፓተርኑ፣ ማለትም ጨርቁን የምንቆርጥበት የወረቀት ቅርጽ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ነው። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ የስፌት መኪናው ጋ የምንደርሰው ወደ መጨረሻው ነው። የልጅ ቀሚስ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ወረቀቱ ላይ ነውና።

ኅትመቱ ይቅደም። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ልጁ ገጹን ከወረቀቱ ጋር አመቻችቶ ያትምላችኋል። አስቦላችሁ ነው፤ ግን ፓተርኑ ያንሳል። «መቶ ፐርሰንት ይሁንልኝ» በሉት። ብዙ ፓተርኖች ላይ መፈተሻ የምትሆን ካሬ አለች። በማስመሪያ ለኳት። 5 ሴንቲ ተብሎ 4.8 ከወጣ እንደገና ይታተም። ምን ይጎዳል እንዳትሉ፤ 64 ሴንቲ መሆን የነበረበት የቀሚሱ ደረት 61 ግድም ይሆናል። ያን ጊዜ ልጅቷ ትታፈናለች።

(ምስል፦ ሜትር በልጅቷ ደረት ዙሪያ)

ቀጥሎ ልክ። ዕድሜዋን እርሱት። የአራት ዓመት ልጆች እኩል አይደሉም። የአውሮፓ ፓተርን ላይ 104 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ የልጅቷ ቁመት በሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እኔ ግን ልኩን የምመርጠው በደረቷ ነው። ብብቷ ሥር ዙሩና ለኩ። ቁመቱን በኋላ ማስተካከል ቀላል ነው፤ የጠበበ ደረት ግን ከተቆረጠ በኋላ መላ የለውም።

በነገራችን ላይ፣ በየልኩ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን ለገበያ ያቀረበው ኤበኔዘር ባተሪክ የሚባል አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ ነው፤ በ1863 እ.ኤ.አ.። አንዱ ወረቀት ላይ አምስት ስድስት መስመር ተደራርቦ ስታዩ አትደንግጡ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ልክ ነው። የእናንተን በስስ ወረቀት ገልብጡት እንጂ ዋናውን አትቁረጡ። ለከርሞ ትልቁን ልክ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን መመሪያውን አንብቡ። ለስፌት የሚተወው ትርፍ ፓተርኑ ውስጥ ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም? የአሜሪካ ትልልቅ ፓተርኖች ብዙ ጊዜ 1.5 ሴንቲ ጨምረው ነው የሚሠሩት። ምንም የማይጨምሩም አሉ። ካልተጨመረ በዙሪያው እናንተ ጨምሩ።

(ምስል፦ ታጥቦ የተተኮሰ የጥጥ ጨርቅ)

ጨርቁ የማይለጠጥ ስስ ጥጥ ይሁን። ስፋቱ 150 ሴንቲ ከሆነ 1 ሜትር ይበቃል፤ 110 ከሆነ ሜትር ተኩል ግዙ። ሳይቆረጥ እጠቡት። ጥጥ ይሰበሰባል፤ ይሰብሰብና ይውጣለት። ፓተርኑ ላይ ያለው ረጅም ቀስት ከጨርቁ ዳር ጋር እኩል ይሂድ። ያ የማይተረተረውን ጠርዝ ማለቴ ነው። ቀስቱ ከተንጋደደ ቀሚሱ ከታጠበ በኋላ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። «እጥፋት» የተባለው ጠርዝ ደግሞ ጨርቁ የታጠፈበት ላይ ነው የሚያርፈው። እሱን ጎን አትቁረጡት!

ጥለት ያለው ሸማ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልበል። የዚህ ቀሚስ ጫፍ ክብ ነው፤ ጥለቱ ደግሞ ቀጥ ያለ። አይገጥሙም። ለጥለት የሚሆነው ጉርዱ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ወገቡ ላይ የሚሸበሸበው ዓይነት ነው። ሸማ ቶሎ ስለሚተረተርም ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

(ምስል፦ ስፌት መኪና)

መኪናው ላይ ነገሩ ፈጣን ነው። ትከሻና ትከሻውን ግጠሙ፣ አንገቱን በገበር (ከውስጥ በኩል በሚሰፋ ጨርቅ) ጨርሱ፣ ብብቱንም እንደዚያው፣ ከዚያ ጎንና ጎኑን። እያንዳንዱን ስፌት እንደጨረሳችሁ በካውያ ተጫኑት። የቤት ስፌት የቤት ስፌት የሚመስለው ካውያ ሲዘለል ነው።

አንገቱ ላይ ቆም እንበል። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላት ዙሪያው 50 ሴንቲ ይደርሳል። የአንገቱ ቀዳዳ ከዚያ ካነሰ አይገባላትም። ስለዚህ ጀርባው ላይ መክፈቻ ትተን አንድ ቁልፍና የላስቲክ ቀለበት እናደርጋለን። ዚፕ ለጀማሪ ጣጣ ነው። ገበሩ ከተሰፋ በኋላ ክቡን ትርፍ በመቀስ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት፤ ክሩን ግን እንዳትነኩ። ያኔ ሲገለበጥ አይኮማተርም።

ጫፉን መጨረሻ ላይ፣ ልጅቷ ጫማ አድርጋ ቆማ ነው የምንለካው። ወደ ውስጥ 5 ሴንቲ እጠፉለት። በዚህ ዕድሜ በዓመት 6 ሴንቲ ያህል ይረዝማሉ፤ በወርድ ግን ያን ያህል አይጨምሩም። ክቡ ጫፍ ሲታጠፍ ትርፍ ጨርቅ ያስቸግራል። መጀመሪያ ጠርዙን በላላ ስፌት ዙሩና ክሩን በትንሹ ሳቡት፤ እኩል ይተኛላችኋል። ከዚያ በእጅ ዘምዝሙት። የእጅ ስፌት ለከርሞ ሲፈታ ምልክቱ ብዙም አይታይም።