ተመልካቹ «አቁሙ!» ሲል

የተከበራችሁ የቲያትር ክበባት አስተባባሪዎችና ተዋንያን፣

በየክበቡ የምንሠራቸው ድራማዎች አብዛኞቹ በምክር ያልቃሉ። ሽማግሌው ይመጣል፣ ይመክራል፣ ይጨበጨባል፤ ሰውም ችግሩን እንደተሸከመ ወደ ቤቱ ይገባል። ያንን የመጨረሻ ትዕይንት እንድታስቀሩት እለምናችኋለሁ።

ብራዚላዊው የቲያትር አዘጋጅ ኦገስቶ ቦዋል እ.ኤ.አ. በ1971 በወታደራዊው መንግሥት ታስሮና ተገርፎ ከተሰደደ በኋላ ፔሩ ውስጥ የጀመረው ፎረም ቲያትር ተበዳዩ ሲሸነፍ ያበቃል። የቀረው የተመልካቹ ነው።

የቤት ኪራይን እንውሰድ። ተከራይ፣ አከራይ፣ ደላላና ጎረቤት፤ አራት ሰው ይበቃል። ከ15 ደቂቃ አይለፍ። አከራዩ በር ላይ ቆሞ ጭማሪውን ይናገራል። ተከራይዋ ነጠላዋን እያስተካከለች «እሺ ጋሼ» ትላለች። በወሩ መጨረሻ ፍራሿና ድስቷ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ይታያል። እዚህ ላይ ይቁም።

መድረኩን የሚመራው ጆከር «ምን ማድረግ ትችል ነበር?» ይልና ተውኔቱ ከመጀመሪያው ይደገማል። ተመልካች «አቁሙ!» ካለ ወጥቶ የተከራይዋን ቦታ ይይዛል። አከራዩን መተካት ግን አይፈቀድም፤ ነገ በራችን ላይ የሚቆመው ያው አከራይ ነውና።

አንዷ ወጥታ የ2016ቱን የቤት ኪራይ አዋጅ ትጠቅሳለች እንበል። አከራዩ ወዲያው ከተረታ ጨዋታው ሞተ። «ውል አለሽ?» ማለት አለበት። አዋጁ ውሉ ተጽፎ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በቃል ብቻ የገባች ተከራይ የምትያዘው እዚያች ላይ ነው። ሌላው ይነሳና ጎረቤት አስከትሎ ወረዳ ይሄዳል። «ሎተሪ ደረሰኝ» የሚል ከመጣ ጆከሩ «ይሄ ይሆናል?» ብሎ ሕዝቡን ይጠይቅ። ራሱ ፈራጅ ከሆነ ግን ቀጥሎ የሚነሳ አይኖርም።

አከራዩን ጭራቅ አታድርጉት፤ የባንክ ዕዳ ስጡት። ያኔ ሁሉም የራሱን አከራይ ያይበታል። የመጀመሪያው «አቁሙ!» ሲዘገይ ዝምታውን በንግግር አትሙሉት፤ ጠብቁ። ከሁሉ በላይ ግን እውነተኛው አሠሪ ወይም አከራይ ከተመልካቹ መካከል ተቀምጦ ሳለ ሠራተኛውን ወይም ተከራዩን ወደ መድረክ አትጥሩ፤ ዋጋውን የሚከፍለው የወጣው ሰው ነው።

ቦዋል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሳለ ከእንዲህ ያሉ መድረኮች የተነሱ 13 ሕጎች ጸድቀዋል። ዓይነ ስውራን ዱላቸው ስለማይነካው በጭንቅላታቸው የሚጋጩት የመንገድ ስልክ ሣጥን ሥሩ ከፍ ያለ መደብ እንዲሠራለት የጠየቁትም በዚሁ መንገድ ነው። ይህ የሆነው መድረክ ላይ የተባለው ስለተጻፈ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጥ፤ ማን እንዳለው ሳይሆን ምን እንደተባለ ይጻፍ።