እማማን የሚያስተኛ፣ እኔን የሚቀሰቅስ ውሻ

ሰላም ናችሁ? እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ውሻ ነው። የዘወትር አድማጮቼ ታውቁታላችሁ። «ከኋላ የሚጮኸው ያንቺ ነው እንዴ?» እያላችሁ ስትጽፉልኝ ከርማችኋል። የኔ አይደለም፣ የጎረቤቴ የእማማ ነው። ስሙ ቦቢ ይባላል። እዚህ ፖድካስት ላይ ከእኔ ቀጥሎ ብዙ የተናገረው እሱ ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ግቢና ግቢ በአንድ ግንብ በሚዋሰንበት ሰፈር። የመኝታ ቤቴ መስኮት አጥሩን ያያል። ከአጥሩ ወዲያ፣ ልክ በመስኮቴ ትይዩ፣ ቦቢ ታስሯል። ጠዋት ይጮኻል። ቀን ይጮኻል። ማታ ሲፈታ ደግሞ ግቢውን እየዞረ ይጮኻል። ቆራሌው በበሩ ሲያልፍማ ማን ይቻለው! ሌሊት ከወንዙ በኩል ጅብ ከተሰማ ደግሞ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ይቀባበላል። አንዱ ጨረሰ ስትሉ ሌላው ከታች ሰፈር ይጀምራል።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። «ትለምጂዋለሽ» የሚለኝ አለ። «በአጥሩ ላይ አጥንት ወርውሪለት፣ ዝም ይላል» የሚለኝም አለ። አዎ፣ አጥንቱን እስኪጨርስ ዝም ይላል። ከዚያ ስጮኽ አጥንት ይመጣል ብሎ ይማራል። ውሻ እኮ ሞኝ አይደለም። በመስኮት ብቅ ብሎ «ዝም በል!» ማለትም ያው ነው። ለእሱ የሰው ድምፅ መልስ ነው፣ አጫዋች አገኘሁ ይላል።

አንድ ዘመዴ ደግሞ ቡና እየጠጣ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ፣ «ሥጋ ውስጥ ትንሽ ነገር ጣል ማድረግ ነው» አለኝ። በከተማችን ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ ሲገደሉ ኖረዋል። የሞተውን ውሻ የበላ ጥንብ አንሳም አብሮ ይሞታል። እኔ ግን ይህን ምክር የሰጠኝን ሰው ከዚያ በኋላ ቤቴ ቡና ልጠራው አልቻልኩም። የአሮጊት ሴት ውሻ መርዞ፣ በማግስቱ በር ላይ «እንደምን አደሩ» ማለት እንዴት ይቻላል?

ወደ ጆሮዬ ልመለስ። ሥራዬ ድምፅ ነው። ቅጂ ሳጸዳ ማዳመጫ አድርጌ ደጋግሜ እሰማለሁ። የቦቢ ጩኸት ስክሪኑ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሮ ይታያል። አንድ ቀን ከማጥፋት ይልቅ እስቲ ልስማው አልኩ። ሁለት ዓይነት ጩኸት ነው ያለው። አንዱ ወፍራም፣ ሻካራ፣ የሚከታተል። ይሄ በር ሲንኳኳ ወይም ቆራሌው ሲያልፍ የሚሰማው ነው። ሌላው ቀጠን ያለ ነው። አንዴ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ አንዴ ይጮኻል። ሰው በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለሰዓታት የሚቀጥለው ይሄኛው ነው።

ነገሩ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ባወጡት ጥናት የውሻ ጩኸት ቀድተው ለሰዎች አሰሙ። ሰዎቹ ውሻው ብቻውን ታስሮ ይሁን ወይ እንግዳ ሰው መጥቶበት፣ በድምፁ ብቻ መለየት ቻሉ። ውሻ ኖሯቸው የማያውቁትም ጭምር። ቦቢ እንግዲህ ከቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ሌባ እያባረረ አልነበረም። ብቻዬን ነኝ እያለ ነበር።

ይሄ ገባኝ ብዬ ግን እንቅልፌ አልተመለሰም። ወደ ሕጉ ሄድኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ባለይዞታ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት፣ ንዝረት፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለበትም። የድምፅ ደረጃም አለ፤ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። የውሻ ጩኸት በቅርብ ከ80 በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሕጉ ከእኔ ጋር ነው አልኩ። ግን ያው አንቀጽ የአካባቢው ልማድም ይታይ ይላል። በእኛ ሰፈር ልማዱ ምንድን ነው? ውሻ ማታ ይጮኻል፣ ሰው ይተኛል። ደንብ አስከባሪ ጠርቼ እማማን በር ላይ ሳቆም ታየኝና ተውኩት።

እና ሄድኩ። ማታ በንዴት አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ባዶ እጅ አይኬድምና ብርቱካን ያዝኩ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ወስኜ ነበር። «ጩኸቱ አስቸገረኝ» አልልም። ለዚህ መልሱ አንድ ነው፤ «ውሻ ነው፣ ምን ላድርገው?» ልክ ናቸው፣ ምን ያድርጉት? ሰው የሚያደርገውን ነገር ነው መጠየቅ ያለብን።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። አትፍሪው፣ ታስሯል» አሉኝ እማማ።

ቦቢን ያን ዕለት ነው በቅጡ ያየሁት። ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ቀይ፣ ቀጭን፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ ውሻ ነው። ሰንሰለቱ በብረቱ ምሰሶ ላይ ዞሮ ዞሮ አልቆ፣ የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። አንገቱ ላይ ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው ይታያል። የውሃ ሳህኑ ተገልብጦ ሊደርስበት የማይችል ቦታ ሄዷል። ሳህኑን በእግሬ ገፋ አደረግኩለት። ባዶውን ላሰው።

ቡና ቀረበ። እማማ ልጆቻቸው ውጭ ናቸው። ግቢው ውስጥ እሳቸውና አንዲት ሠራተኛ ብቻ ናቸው የሚያድሩት። ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ሌባ ገብቶባቸው ያውቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» አሉኝ፣ እየኮሩበት። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እሱ ሲጮኽ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ዝም ካለ እነቃለሁ።»

እኔ ትራስ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የምገላበጥበት ድምፅ፣ ከአጥሩ ወዲያ እሹሩሩ ነው። ልስቅም ላለቅስም አማረኝ።

«ቀን ለምን ይታሰራል ታዲያ?» አልኳቸው።

«ቀን ካልታሰረ ማታ አይጠብቅማ!»

ይሄን እምነት ያልሰማ የለም። እኔም ልከራከራቸው አልፈለግኩም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና እማማ፣ ሌባ ሲመጣም ብቻውን ሲሆንም እኩል ከጮኸ፣ ሌባ መምጣቱን በምን ያውቃሉ?»

ስኒውን አስቀመጡት። ሠራተኛዋን አዩ። «እሱስ እውነት ነው። እኔ እንደሆነ ወጥቼ ማየት ከተውኩ ቆየሁ» አሉ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከበሩ ብረት እስከ ጽዱ ድረስ ወፍራም ሽቦ ተወጠረ፣ ሽቦው ላይ ቀለበት ገባ፣ ሰንሰለቱ ቀለበቱ ላይ ታሰረ። ታስሮም ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። የሰፈራችን በያጅ ነው የሠራው፣ ሽቦውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሰንሰለቱ ውሻው አጥሩን ዘሎ የሚንጠለጠልበት ርዝመት እንዳይኖረው። ጥላና ውሃ ደግሞ በሚደርስበት በኩል ይሁን። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ በሩ ተዘግቶ ይፈታል፣ ሠራተኛዋ አሮጌ ጫማ ትወረውርለታለች። ጫማው አልቋል።

ክትባቱንም አነሳሁ። «ኧረ እሱ ከግቢ አይወጣም!» አሉ። ግን ሌላ ውሻ ይገባል፣ እሱም አንድ ቀን በሩ ክፍት ሲያገኝ ይወጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ወደ ፓስተር መሯሯጥ ሳይመጣ ማስከተብ ይሻላል። እሱን ለልጃቸው በስልክ ነገርኩት፣ ተስማማ።

አሁንስ ዝም አለ ወይ? አላለም። በር ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ይጮኻል፣ እንደውም መንገዱ ቀርቦት ብሷል። ግን አጭር ነው፣ ሰውዬው ሲያልፍ ያበቃል። ያ ቀጭኑ፣ የማያልቀው ጩኸት ነው የቀነሰው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ያው ነው። በእሱ ላይ ከእማማ ጋር አልተስማማንም፣ የምንስማማም አይመስለኝም። እኔ የመኝታ ክፍሌን ወደ ኋላ አዛውሬያለሁ።

እማማ እምቢ ቢሉኝስ? ቀጥሎ የማስበው የእድራችንን ዳኛ ነበር። ወረዳ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አንዳንዶቻችሁ መጀመሪያ ወረዳ ነው የምትሄዱት፣ አውቃለሁ። ጽፋችሁልኛል። ወረቀት የደረሰው ጎረቤት ግን ሽቦ አያስወጥርላችሁም።

አንድ ያልመለስኩት ጥያቄ አለ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ በረንዳ ላይ የታሰረ ውሻ ያለባችሁ፣ ሽቦ የሚወጠርበት ግቢ የላችሁም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ምን አደረጋችሁት? በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ። ውሻው ከኋላ ቢሰማም ችግር የለም።