ከአሬሲቦ እስከ አቦል፦ ለኤሊያን ሰላምታ መላክ ለምን ያከራክራል?

[ምስል፦ የአሬሲቦ ዲሽ ከላይ፤ ዙሪያውን አረንጓዴ ኮረብታ]

ኅዳር 7 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። አዲስ አበባ ላይ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ሁለት ወር አልፏል። ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት የሚረሸኑበት ቅዳሜ ደግሞ ገና አንድ ሳምንት ይቀረዋል። በዚያው ዕለት ፖርቶ ሪኮ ውስጥ 305 ሜትር ስፋት ያለው የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ለኤሊያን፣ ማለትም ከመሬት ውጭ ሊኖሩ ለሚችሉ ፍጡራን፣ ወደ ሰማይ ተናገረ። ንግግሩ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ 1,679 ዜሮና አንድ ብቻ ነበር።

[ምስል፦ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ተደርድረው ሥዕል ሲሆኑ]

መልእክቱን ያሰናዳው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፍራንክ ድሬክ ነው፤ የሙያ ባልደረባው ካርል ሴጋንም አግዞታል። 1,679 የ23 እና የ73 ብዜት ነው፤ ሌላ አካፋይ የለውም። ስለዚህ የተቀበለው ሰው (ሰው ካልነው) ነጥቦቹን በ23 ዓምድና በ73 ረድፍ ሲደረድራቸው ሥዕል ይወጣለታል፦ ቁጥሮች፣ ዲኤንኤ፣ የሰው ቅርጽ፣ ፀሐይና ፕላኔቶቿ። መሬት ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ "እኛ እዚህች ላይ ነን" ለማለት።

ከሰውየው ሥዕል አጠገብ አንድ ቁጥር አለ፤ የዚያን ጊዜ የዓለም ሕዝብ ተብሎ የተጻፈ፣ 4.29 ቢሊዮን ገደማ። እናቴም አባቴም እዚያ ቁጥር ውስጥ አሉ። በስማቸው ሲነገር ግን የጠየቃቸው የለም።

በዚያው ዓመት በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ማርቲን ራይል ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። እዚያ ያሉት ክፉዎች ወይም የተራቡ ቢሆኑስ ነው ስጋቱ። እርግጥ መልእክቱ የታለመው ኤም 13 ወደሚባል የከዋክብት ክምችት ነው፤ 25,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ብርሃንም ሆነ የራዲዮ መልእክት እዚያ ለመድረስ 25,000 ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። የታደሰውን ቴሌስኮፕ ለማስመረቅ የተተኮሰ ርችት ነው ብትሉት ብዙ አልተሳሳታችሁም።

[ምስል፦ የሌሊት ሰማይ፤ አንድሮሜዳ]

ርቀቱን በራሳችን ኮከብ እንለካው። አዎ፣ የራሳችን አለን። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።) በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ ጋብዞ ነበር። ኢትዮጵያ ኮከቧን "ቡና"፣ ፕላኔቷን "አቦል" አለቻቸው። አቦል ከጁፒተር የምትከብድ የጋዝ ፕላኔት ናትና ጀበና የሚጥድባት አይጠበቅም። ርቀቷ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ነው። ዛሬ "እንደምን አላችሁ" ብንላት ሰላምታው የሚደርሰው ከ200 ዓመት በኋላ ነው። "ደህና ነን" ለማለት ደግሞ ሌላ 200። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩበት ዘመን፣ በ1630ዎቹ፣ አንድ ደብተራ ሰላምታ ልኮ ቢሆን ኖሮ መልሱን የምንቀበለው እኛ ነበርን። ጥያቄው ምን እንደነበረ ለማወቅም ብራና ማገላበጥ ይኖርብናል።

መልሱ መጣ እንበል። እንረዳዋለን?

[ምስል፦ የሜሮኤ ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ]

ይህ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ከጎረቤት ነው፤ ሱዳን ውስጥ ከነበረው የሜሮኤ መንግሥት። የአክሱሙ ኢዛና በድንጋይ ጽሑፉ ላይ የዘመተባቸው ካሱዎች አገር ነው። የፊደሎቹ ድምፅ ከታወቀ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ይቻላል። ቋንቋው ግን አብዛኛው እስከ ዛሬ አልተፈታም። እነዚህ እንደኛ ሁለት ዓይንና ሁለት እጅ የነበራቸው፣ ዓባይን የጠጡ ሰዎች ናቸው። ከሌላ ፀሐይ የመጣ ቃል ምን ሊመስል እንደሚችል እናንተው አስቡት።

አደጋውስ? እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ በ2010 ነገሩን ከኮሎምበስ አሜሪካ መድረስ ጋር አመሳስሎት ነበር፤ ለነባሮቹ ሕዝቦች መጨረሻው አላማረም። እኛ አገር ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እንግዳው ጅብ ይሁን አይሁን የምናውቀው ቁርበቱ ከተነጠፈ በኋላ ነው።

የሌላው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። ከየቭፓቶሪያ፣ ክሪሚያ፣ መልእክቶችን ያስላከው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ዛይትሴቭ፣ አስትሮይድ ለማጥናት የሚተኮሰው ራዳር ለዓመታት ወደ ጠፈር ሲወጣ ቆይቷል፣ አሁን ዝም ማለት ምን ይጠቅማል ይል ነበር። እውነት አለው። ግን ራዳሩ የሚያልፍ ጨረር እንጂ አንድን ኮከብ ለይቶ፣ ደጋግሞ የሚጠራ ድምፅ አይደለም።

እኔን የሚከነክነኝ ወራሪ መርከብ አይደለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከብርሃን ፈጥኖ ቃሉን የሚመልስ የለም። ታዲያ ይህን ቃል የሚያወጣው ማን ነው? ዲሽ ያለው። በ1989 ተመራማሪዎች ያረቀቁት ስምምነት ምልክት ቢሰማ ዓለም ሳይመክር መልስ አይሰጥ ይላል። ግን አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ ማንም ሳይጠራን ቀድመን ስለ መጮህም ዝም ነው። በ2015 ኢሎን መስክን ጨምሮ በርካታ ሰዎች ከመላክ በፊት ዓለም ይወያይ ብለው ፈረሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ከኖርዌይ ትሮምሶ 12 የብርሃን ዓመት ወደሚርቀው የሉይተን ኮከብ ሌላ መልእክት ተላከ።

በነገራችን ላይ የናሳ ቮዬጀር መንኮራኩሮች በ1977 ይዘውት የሄዱት ዲስክ በ55 ቋንቋ ሰላም ይላል። አማርኛ የለበትም።

[ምስል፦ የዘመን መስመር፤ 2029፣ 2030]

በ2008 ከየቭፓቶሪያ ግሊዝ 581 ወደሚባለው ኮከብ የተላኩት 501 መልእክቶች በ2029 ይደርሳሉ። የትሮምሶው በ2030። የሚሰማ ካለና ወዲያው ከመለሰ፣ የሉይተን መልስ በ2040ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ይሆናል፤ ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል።

[ምስል፦ የፈረሰው የአሬሲቦ ዲሽ]

በታኅሣሥ 2020 የአሬሲቦ ኬብሎች ተበጥሰው ከላዩ የተንጠለጠለው መድረክ ዲሹ ላይ ተደረመሰ። መልእክቱ ግን ከ50 የብርሃን ዓመት በላይ ተጉዟል። ከ8 ቢሊዮን በላይ ሆነናል፤ እሱ አሁንም 4.29 እያለ ነው።