አይቼዋለሁ ብዬ ነበር

የተከበሩ ርእሰ መምህራችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወላጆች፣ እናንተም ከኋላ ወንበር አጥታችሁ የቆማችሁ ተማሪዎቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

"በጡረታ ሽኝትህ ላይ አጭር ንግግር አድርግ" ነው የተባልኩት። ዕድሜውን ሁሉ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲለካ ለኖረ ሰው አጭር ማለት 40 ደቂቃ ነው። አይዟችሁ፣ ዛሬ ደወሉ ሳይደወል እጨርሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ስጦታው። ጋቢና ከዘራ። ከልቤ አመሰግናለሁ። ግን እስከ ትናንት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣ የነበረ ሰው ዛሬ ጠዋት ከዘራ ሲያስጨብጡት ትንሽ ደንገጥ ይላል። አምና የሒሳብ መምህራችንን ስንሸኝም የሰጠነው ከዘራ ነበር። ያኔ ብሩን ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አፍ የለኝም።

በ1980 ዓ.ም. ስቀጠር አንድ ፎርም ሰጡኝ። የትውልድ ዘመን ይላል። እናቴ ቀኑን በደንብ ታውቃለች፤ የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ዓመቱን ግን እንጃ። እንደ ምንም አስልቼ 1958 ብዬ ሞላሁ። አብሮኝ የተመደበው ጓደኛዬ ከጎኔ ሆኖ "ኧረ ዕድሜህን ቀንስ፣ በኋላ ይቆጭሃል" አለኝ። 22 ዓመቴ ነበር። 60 የሚባለው የጡረታ ዕድሜ የሌላ ሰው መሰለኝ። ደመወዙ 500 ብር ነው፣ ማን ስለ 60 ያስባል!

ወጣት መምህራን፣ ይቺን ስሙኝ። የሚቆጠርላችሁ መጀመሪያ ስትቀጠሩ ያስመዘገባችሁት ዕድሜ ነው። በኋላ የምታመጡት የልደት ካርድ አያድናችሁም። ሌላም አለ። እኔ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስዛወር የሁለት ዓመት አገልግሎቴ ከፋይሌ ውስጥ ጠፋ። ሁለት ዓመት በጡረታ ሒሳብ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለመጀመሪያው 10 ዓመት የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዛችሁ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 ነው። የኔ 38 ዓመት 65 በመቶ ላይ ያደርሰኛል። ሁለት ዓመት ከጠፋ 2.5 በመቶ ሄደ ማለት ነው፤ ያውም ዕድሜ ልክ። ስድስት ወር ተመላለስኩ። "ነገ ና" ተባልኩ፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው" ተባልኩ። በመጨረሻ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዝናልኝ ስትፈልግ ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ተሰፍቶ አገኘችው። እግዜር ይስጣት። እናንተ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ መሥሪያ ቤቱም 11 በመቶ ሲጨምርላችሁ፣ ገንዘቡ ስማችሁን ተከትሎ መሄዱን እያያችሁ። ስልሳ ስትሞሉ አይደለም፣ አሁን።

ያም ሆኖ 65 በመቶ የወር አስቤዛ ሲገዛ ስንት በመቶ እንደሚሆን ባለቤቴ ከኔ የተሻለ ታሰላዋለች። እሷ ባልትና ትሸጣለች፤ በርበሬ አምና ስንት እንደነበር፣ ዘንድሮ ስንት እንደሆነ አትጠይቋት።

እና ምን ልታደርግ ነው? ከጥር ጀምሮ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ጠያቂው ደግሞ መልሱን ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ወንድሜ "ሱቅ ክፈት" ይላል። ወላጆች "ልጃችንን አስጠናልን" ትላላችሁ። የሰፈራችን እድር ደግሞ አልጠየቀኝም፤ ባለፈው እሁድ ጸሐፊ አድርጎ መርጦኛል። ጡረታ የወጣ መምህር ያለ መዝገብ እንዴት ይኖራል ብለው አዝነውልኝ ነው መሰለኝ። እሺ ብያለሁ። ከጥቅምት በኋላ ግን።

ለምን ከጥቅምት በኋላ? እሱን ነው ዛሬ ልናዘዝ የመጣሁት።

ብዙ ዘመን ሆነው። 9ኛ ክፍል እያስተማርኩ ነበር። ርዕሱ የኢትዮጵያ ተፋሰሶች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አዋሽን በሰማያዊ ጠመኔ ሳልኩት። እጄ መንገዱን ያውቀዋል። ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ይነሳል፣ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ ቆቃን ያልፋል፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞራል፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ሳልኩ፣ ጻፍኩ፣ ዞር አልኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እርስዎ አቤን አይተውታል?"

"አዎ" አልኳት።

አላየሁትም። አቤን ይቅርና አዋሽን ራሱ ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት፣ ከድልድይ ላይ፣ እንቅልፍ እየጣለኝ ነው። ግን 40 ልጅ እያየኝ "አላየሁም" ማለት ከበደኝ። ልጅቱ አልለቀቀችኝም። "ምን ይሸታል?" አለች። አስቡት! ይሄን መጽሐፉ አይልም። በሐይቁ ዳር ፍል ውሃ እንዳለ፣ እንፋሎት የሚተፉ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች እንዳሉ አንብቤ ስለነበር፣ "የተበላሸ እንቁላል" አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ማስታወሻ ስሰበስብ አየሁት። "አቤ ሐይቅ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል" ይላል። እኔም ከሥሩ የትክክል ምልክት አደረግሁበት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዋሽን ስስል እጄ አቤ ጋ ሲደርስ ትንሽ ይዘገያል።

"ጡረታ" የሚለው ቃል ከ"መጦር" ነው የመጣው። ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ብለው እንደሚመርቁት። ስናወራ ግን "ጡረታ ወጣ" ነው የምንለው። መጦሩን ቀስ ብዬ አስብበታለሁ። መውጣቱን ግን አጥብቄ ይዤዋለሁ። ልወጣ ነው። መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ሲቆም፣ አዋሽን ከራሱ እስከ ጭራው ልከተለው ነው።

ሁሉን በእግሬ አይደለም፣ አትሳቁ። በእግር የሚሆነውን በእግር፣ የቀረውን በሚኒባስና በአውቶቡስ። በጊንጪ እጀምራለሁ፤ ደጋው ላይ አንድ ልጅ ዘሎት የሚሻገር ጅረት ሆኖ ላየው እፈልጋለሁ። ከዚያ መልካ ቁንጡሬ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ነው እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ በ38 ዓመት ውስጥ አንድ ቅዳሜ አጥቼለት አልሄድኩም። ከዚያ ቆቃ። በ1952 የተመረቀውን ግድብ አያለሁ፣ ጥብስ ዓሣ እበላለሁ፣ ይሄኛው ለጥናት አይደለም። ወንጂን፣ መተሐራን፣ የሸንኮራ አገዳውን አልፌ አዋሽ ፏፏቴ ጋ አድራለሁ። ፈንታሌ ተራራ እዚያው ነው። በ2017 አዲስ አበባ ድረስ አልጋችንን ያነቃነቀው እሱና ጎረቤቱ ዶፈን ናቸው። ያን ሰሞን አንድ ተማሪዬ ደውሎ "ቲቸር፣ ስምጥ ሸለቆው እየሰፋ ነው ያልከን እውነትህን ነው እንዴ?" አለኝ። እስከዚያ ድረስ ለፈተና ብቻ መስሎት ነበር።

ከአዋሽ ሰባት በኋላ አገሩ ሌላ ነው። ገዋኔ፣ ሚሌ። ሐዳር ጋ ትንሽ እቆያለሁ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር ስንት ጊዜ ፈተና ላይ እንዳወጣሁት አላውቅም። አፈሩን ግን ረግጬው አላውቅም። ከዚያ አሳይታ። ከአሳይታ በኋላ ያለውን መንገድ እዚያው የአፋር ሰዎችን እጠይቃለሁ። ከካርታዬ ይልቅ እነሱን አምናለሁ። እነሱ "ዘንድሮ አይሆንም" ካሉኝ እመለሳለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት እሞክራለሁ። ጊዜ አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሬ ነው።

ሰባ እንኳ ያልሞላ ሰው የሚያወራው ስለ አፈር ብቻ ነው እንዳትሉኝ፣ ሌላም እቅድ አለኝ። የልጅ ልጄን ብስክሌት ላስተምር። ጥርሴን ልታከም። ለባለቤቴ ለሃያ ዓመት "ነገ" እያልኩ ያቆየሁትን የጓዳ መደርደሪያ ልሠራላት ቃል ገብቻለሁ፤ ከጉዞው በፊት እንዲሆን ተወስኗል። ማን እንደወሰነ ታውቃላችሁ።

ያቺ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ናት። የት እንዳለች አላውቅም። ስልኳን ላፈላልግ አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ምን ልበላት? መጀመሪያ ሄጄ ላሽትተው። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ በአጋጣሚ እውነት ተናግሬያለሁ። ካልሸተተ የዛሬ ዓመት እዚሁ መጥቼ 9ኛ ክፍል ፊት ቆሜ አርማለሁ። ርእሰ መምህራችን አንድ ክፍለ ጊዜ እንደማይከለክሉኝ አምናለሁ።

ከዘራውን ይዤው እሄዳለሁ። ጊንጪ ጭቃ ነው፣ ውሻም አይጠፋም። ጋቢው ለአፋር ሙቀት አይሆንም። እሱን ባለቤቴ ከአሁኑ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋዋለች፤ ያው ከፊት ወንበር ላይ ሆና እያያችኋት ነው።