ከባቡር ከወረድን በኋላ

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች፣ የከተማችን አስተዳደር ተወካዮች፣ የሚኒባስና የባጃጅ ማኅበራት አባላት፣ ውድ የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

የባቡር ነገር ሲነሳ ሁላችንም የምናወራው ስለ ሐዲዱ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሀራ ገበያ ለሚዘልቀው የ392 ኪሎ ሜትር መስመር የፈሰሰው ገንዘብና ድካም ቀላል ባለመሆኑ ይህ አያስገርምም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው መንገደኛው ከወረደ በኋላ በእግሩ ስለሚሄዳት አጭር መንገድ ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄዱት ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ ተሳፋሪው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመዛወር ብዙ አይንገላታም። ከባቡር ወደ አውቶቡስ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐዲዱ በብዙ ሰፈሮች የመኪናውን መንገድ ለሁለት ከፍሎ ስለሚያልፍ፣ ልጅ ያዘለችና ዘንቢል የያዘች እናት ከጣቢያው ወርዳ መኪና እስኪያሳልፋት ትቆማለች፤ ከተሻገረች በኋላም የአውቶቡስ ፌርማታው ወዲያ ማዶ፣ ታክሲው ደግሞ ረዳቱ በተጣራበት ሁሉ ነው። በክረምት ጭቃውን ጨምሩበት። የባቡሩ ዋጋ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ይሁንና ቤቷ ለመድረስ ለታክሲው እንደገና መክፈሏ አልቀረም። ባቡሩም፣ አውቶቡሱም፣ ታክሲውም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስለሚተዳደሩና የየራሳቸውን ሂሳብ ስለሚቀበሉ፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ባለቤት አጥቶ ቀረ።

የእኛ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል፤ ባቡሩ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ከተማ አይገባምና። የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ በመኪና መሄዱ ግድ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያተኛም፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛም እንዲሁ በአውቶቡስ፣ በሚኒባስ ወይም በባጃጅ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ጣቢያው ያለ መናኸሪያ ለወሎ ግማሽ ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የደሴና የባቲ አውቶቡሶች ከጣቢያው በር አጠገብ፣ ዋና መንገድ ሳያሻግሩ ይቁሙ፤ ሚኒባሱ ከእነሱ ቀጥሎ፣ ባጃጁ ከጎን በራሱ ተራ ይሰለፍ፤ የግል መኪና ራቅ ይበል። ከላይ ጣራ፣ ከታች ንጣፍ ድንጋይ፣ ሲመሽም መብራት ይኑር። ቦታው ሳይለካ በፊት ደግሞ ተራ አስከባሪዎቹ ይጠየቁ፤ ሰው በየት በኩል እንደሚጎርፍ ከእኛ ከባለ ወረቀቶቹ ይልቅ እነሱ ያውቃሉና።

የማኅበራት መሪዎችን አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። የመጨረሻው ባቡር ዘግይቶ የሚገባበት ምሽት አይጠፋም። በዚያን ምሽት ወደ ሐረጎ የሚወጣው የመጨረሻ መኪና ሰዓቱ ደረሰ ብሎ ባዶውን እንዳይነሳ፣ ጠባቂውን አሽከርካሪ ማን እንደሚመድብና የመጠበቂያውን ሂሳብ ማን እንደሚሸፍን ከአስተዳደሩ ጋር ተቀምጣችሁ ከወዲሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

አመሰግናለሁ።